ጊደሯ ከማን ተማረች?

«ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ ለጨዋ ጆሮ የሚከብድ ቢሆንም ቅሉ፣ ስለ ሰው ልጅ ጠባይ አመጣጥ ከተነገሩት ሁሉ በጥቂት ቃል ብዙ የያዘ ሆኖ አገኘዋለሁ። ይኸው ሰው ደግሞ ዞር ብሎ «እናቷን አይተህ ልጇን አግባ» ይላል። ሁለቱ ምሳሌዎች ላይ ላዩን ሲታዩ የተጣሉ ይመስላሉ፤ አንደኛው ጠባይ ከውሎ ይመጣል ሲል ሁለተኛው በዘር ይወረሳል ያለ ያስመስላል። ጠጋ ብሎ ለመረመራቸው ግን ጠባቸው ያን ያህል የከረረ አይደለም። እናት ለልጇ የምታወርሳት ደሟን ብቻ አይደለምና፤ ጓዳዋንም፣ አነጋገሯንም፣ ጎረቤቷን የምታይበትንም ዓይን ታወርሳታለች። ሽማግሌው «እናቷን እይ» ሲል፣ ልጅቱ ከጡት እስከ ጉልምስና የተማረችበትን ቤት እይ ማለቱም ሊሆን ይችላል።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። ጊደሯ ከአህያ ተማረች ካልን ጥፋቱ የማን ነው? የጊደሯ ነው? የአህያዋ ነው? ወይስ ሁለቱን በአንድ መስክ ያሰማራው እረኛ? ሰው የአካባቢው ፍሬ ነው ያልን እንደ ሆነ፣ ወንጀለኛውን መቅጣት ጀግናውንም ማመስገን ትርጉሙ ምን ሊሆን ነው? የለም፣ ሰው በገዛ ፈቃዱ የሚያድር ነጻ ፍጡር ነው ያልን እንደ ሆነ ደግሞ፣ በአንድ መንደር የተወለዱ አንድ ሺህ ወጣቶች በአንድ ዘመን አንድ ዓይነት ነገር «በነጻ ፈቃዳቸው» የመረጡበትን ምክንያት ማስረዳት ይሳነናል።

ይህን ጥያቄ በባዶ አየር ላይ ከማንጠልጠል እግሩን መሬት ማስረገጥ ይሻላል። መሬቱ ሆሳዕና ይሁን።

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው፣ ጥንት ዋቸሞ ትባል የነበረችው፣ ከ2023 ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ዋና መቀመጫ የሆነችው ሆሳዕና በከተማነቷ ብዙ የሚወራላት ናት። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው፤ ከማነሣቸው ነገሮች ብዙዎቹ በባዕድ አገር የተፈጸሙ ናቸውና።) ወደ ከተማይቱ የሚገባ መንገደኛ ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው እንሰት በከበባቸው የሣር ቤቶች መካከል ብቅ ብቅ ባሉት ፎቆችና ባለ ቀለም ቆርቆሮ ቤቶች ላይ ነው። የማን እንደ ሆኑ ቢጠይቅ ስለ ብዙዎቹ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፤ የደቡብ አፍሪካ። የባለቤቱ ስም እንኳ የሚነገረው ሁለተኛ ነው።

ነገሩ የተጀመረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ደቡብ አፍሪካ በ1994 ከአፓርታይድ አገዛዝ ከተላቀቀች በኋላ በ1998 ያወጣችው የስደተኞች ሕግ ጥገኝነት ጠያቂው ሠርቶ እንዲያድር በር ከፈተለት። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮም ከሐዲያና ከከምባታ ምድር ጥቂት ሰዎች ወደዚያ አቀኑ፤ እነዚያ ጥቂቶች ወንድሞቻቸውን፣ ወንድሞቻቸው ደግሞ የአጎታቸውን ልጆች ጠሩ። በሞያሌ ወደ ኬንያ፣ ከዚያ ታንዛኒያን፣ ማላዊን ወይም ዛምቢያን፣ ሞዛምቢክን ወይም ዚምባብዌን አቋርጦ የሚያልፈው ያ መንገድ፣ በከፊል በእግር፣ በከፊል በዝግ የጭነት መኪና፣ ሁልጊዜም በደላላ እጅ የሚኬድ ነው። የደረሰው ልጅ ጆሃንስበርግ ጄፒ ጎዳና ላይ ካሉት ሐበሾች ዕቃ በዱቤ ተቀብሎ፣ «ሎኬሽን» በሚባሉት የጥቁሮች ሰፈሮች እየዞረ ብርድ ልብስና የአልጋ ልብስ ይሸጣል፤ ከቀናው ትንሽ ሱቅ ይከፍታል፤ ከቀናው ደግሞ ቀጣዩን ወንድሙን ያስመጣል። ወደ ኋላ እየቆየ ሙሽሮችም በዚሁ ጎዳና ተከተሉ።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ድህነት ነዋ!» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ድህነቱ እውነት ነው። በ2007 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በያኔው የከምባታ ጠምባሮ ዞን በ1 ካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 500 የሚጠጋ ሰው ይኖር ነበር። ከአባት ለአምስት ወንድ ልጆች የሚከፈል መሬት፣ እንሰት ተክለውበት እንኳ እግር የሚያዘረጋ አይደለም። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪውን በክር አስሮ አባቱ ቤት የተቀመጠው ወጣትም ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ይህ ሁሉ ሰውን ከቤቱ የሚያስወጣ ኃይል መሆኑን ማን ይክዳል?

ሆኖም ድህነት የሚለው «ውጣ» ነው እንጂ «ወዴት» የሚለውን አይናገርም። የጉራጌው ልጅ መሬት ሲጠበው መርካቶን አየ፤ የዶርዜው ልጅ የሸማ ሙያውን ይዞ ሽሮ ሜዳ ሰፈረ፤ የወሎው ልጅ በጅቡቲና በየመን አድርጎ ሳውዲ ዐረቢያን ይመኛል። የሐዲያና የከምባታ አባቶችም ራሳቸው በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ወደ ወንጂ ሸንኮራ እርሻ እየወረዱ የጉልበት ሥራ ይሠሩ ነበር። ችግሩ ተመሳሳይ ነው፤ አቅጣጫው ግን እንደየመንደሩ ይለያል። አቅጣጫውን የሚያስተምረው እንግዲህ ረሃብ ሳይሆን ጎረቤት ነው። ረሃብ ብቻውን ካርታ አያነብም።

ከዚህ ላይ ከሥነ ልቡና ሊቃውንት አንዱን፣ አልበርት ባንዱራን (1925–2021) ልጠቅስ እወዳለሁ። ባንዱራ በ1961 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከሁለት ተባባሪዎቹ ጋር 72 ሕፃናትን ይዞ አንድ ሙከራ አደረገ። አንዳንዶቹ ሕፃናት አንድ አዋቂ ሰው በአየር የተነፋ አሻንጉሊት ሲመታ፣ ሲረግጥና በመዶሻ ሲቀጠቅጥ እንዲያዩ ተደረገ። በኋላም ከአሻንጉሊቱ ጋር ሲተዉ ያዩትን፣ እስከ ቃሉ ድረስ፣ መልሰው ሠሩት። ማንም ሥሩ አላላቸውም፤ ማንም አልሸለማቸውም፤ ዓይናቸው ብቻ ነበር የተማረው። ይህ እንኳ ለአህያና ጊደር ባለቤት ለሆነው ለአበሻ ገበሬ አዲስ ዜና አይደለም።

ይልቅስ ብዙ የማይወራለት በ1965 ያደረገው ሙከራ ነው። በዚህኛው ሕፃናቱ ያዩት ፊልም መጨረሻው ሦስት ዓይነት ነበር፤ በአንዱ ተማቺው ሰው ይሸለማል፣ በሌላው ይቀጣል፣ በሦስተኛው ምንም አይደርስበትም። ተማቺው ሲቀጣ ያዩት ልጆች ከሌሎቹ አነሰ ያለ ድብደባ አሳዩ። ታዲያ አልተማሩም ማለት ነው? ባንዱራ ይህን ለማወቅ፣ ያዩትን ለሚያሳይ ሁሉ ስጦታ እንደሚሰጥ ነገራቸው። ያን ጊዜ ልዩነቱ ጠፋ። ቅጣቱን ያዩትም ሽልማቱን ካዩት እኩል ድርጊቱን ያውቁት ኖሯል። ትምህርቱ ገብቶ ውስጥ ተቀምጦ፣ ምቹ ቀን እስኪመጣ ይጠብቅ ነበር ማለት ነው። ሰው የሚያውቀውና ሰው የሚያሳየው ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለሚዘነጋ ሰባኪ ሁሉ ይህ ጥሩ ማስታወሻ ነው።

ከሰባኪዎቹ መካከል እኛ የቴአትር ሰዎችም አለንበት። ከዚያው አካባቢ በአንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ የስደትን አስከፊነት ለማስተማር የተዘጋጀ ተውኔት ለማየት በቅቻለሁ። ተውኔቱ በደግ ልብ የተጻፈ ነበር። ክፉው ደላላ አለ፤ የምታለቅስ እናት አለች፤ በረሃ ላይ የሚሞት ልጅ አለ። በሁለተኛው ትዕይንት ግን ከደቡብ አፍሪካ የተመለሰ አንድ ጎረምሳ የቆዳ ጃኬት ለብሶ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ለእናቱ ጋቢ፣ ለአባቱ ከዘራ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ገንዘብ ይዞ ብቅ አለ። ገጸ ባሕርዩ የገባው ለማሳሳቻነት ነው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እናቲቱ በመጨረሻ ስታለቅስ ደግሞ ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ በእውነት አለቀሱ። ሁለቱም ስሜት ሐሰት አልነበረበትም። ወደ ውጭ ሲወጡ ግን በአፋቸው ላይ የነበረው የጃኬቱ ልጅ ነው። ደራሲው ያስተማረው አንድ ነገር፣ መድረኩ ያስተማረው ሌላ ነገር ሆኖ ቀረ።

ምክንያቱን መፈለግ አያዳግትም። ያ ጃኬት የለበሰ ጎረምሳ ከመድረኩ ውጭም አለ። በሠርግ ላይ የፊት ወንበር ይለቀቅለታል፤ በመዋጮ ጊዜ ስሙ ቀድሞ ይጠራል፤ አባቱ በሽማግሌዎች ሸንጎ የሚናገረው ቃል በልጁ ምክንያት ክብደት ያገኛል። ቀድሞ በሐዲያ ምድር የሰው ክብር በከብቱ ይታወቅ ነበር፤ ከብቱ መቶ የሞላለት ሰው ድግስ ደግሶ በሕዝብ ፊት ማዕርጉን ይቀበል ነበር። ዛሬ መቶ ከብት የሚያግድበት መስክ የለም። ሰው ግን መከበሩን አልተወም፤ ክብሩን የሚያስቆጥርበት ነገር ብቻ ተለወጠ። ለልጁ መንገድ ብሎ በሬውንና መሬቱን የሚሸጥ አባት እብድ ወይም ጨካኝ አድርጎ የሚሥለው የከተማ ጸሐፊ፣ ያ አባት የሚገዛው ምን እንደ ሆነ አላየም።

በአንጻሩ የመንገዱ ሌላ ፊት አለ። በሰኔ 2012 በታንዛኒያ ዶዶማ አጠገብ ከ40 በላይ ኢትዮጵያውያን በጭነት መኪና ውስጥ ታፍነው ሞቱ። በመጋቢት 2020 በሞዛምቢክ ቴቴ ክፍለ ሀገር አንድ ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ሬሳና 14 በሕይወት የቀሩ ሰዎች ተገኙ፤ ሁሉም ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በታኅሣሥ 2022 በዛምቢያ ርእሰ ከተማ በሉሳካ ዳርቻ የ27 ወጣቶች ሬሳ መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። ከደረሱም በኋላ በ2008ና በ2015 በባዕዳን ላይ በተነሣው ሁከት ሱቃቸው የተዘረፈባቸው፣ ሕይወታቸውም ያለፈ አሉ። ይህን ሁሉ የሆሳዕናና የዱራሜ ሰው አያውቅም ማለት ድፍረት ነው። ከማንም በላይ ያውቃል፤ ሬሳው የእርሱ ነውና።

ዕውቀቱ ስለ ምን አይገታውም? መልሱ ከፊሉ ከሚታየው ነገር አቀማመጥ ላይ ነው። የቀናው ሰው ቤት ይሠራል፤ ቤቱም ቀንና ሌሊት፣ ክረምትና በጋ ቆሞ ያስተምራል። በኮንቴይነር ውስጥ የቀረው ግን ምንም የቆመ ነገር አይተውም። ለቅሶው ተለቅሶ፣ ድንኳኑ በሦስተኛው ቀን ይነሣል። «ዕድሉ ነው» ይባላል፤ ይህች ቃል ደግሞ ሟቹን ከትምህርትነት አውጥታ አጋጣሚ ታደርገዋለች። ቤቱ የጥረት ምስክር ሲሆን ሬሳው የዕድል ምስክር ሆነ ማለት ነው። ከታንዛኒያ እስር ቤት ወጥቶ ባዶ እጁን የተመለሰው ልጅማ ከሁሉም ይብሳል፤ የአባቱን መሬት በልቶ የመጣ ነውና በጨለማ ይገባል፣ ከቤትም እምብዛም አይወጣም። እርሱ ቢናገር ከማንም ተውኔት የበለጠ ያስተምር ነበር። ነገር ግን መናገሪያ ስፍራ የለውም፤ ኀፍረት አፉን ዘግቶታል። በዚህ ዓይነት ከተማይቱ ሳታውቀው ከመማሪያ መጽሐፏ ውስጥ ግማሹን ገጽ ቀዳ ጥላዋለች።

ይህን ካልኩ ዘንድ አንባቢ «እንግዲያማ ሰው የአካባቢው እስረኛ ነው ማለትህ ነው» ሊለኝ ይችላል። እንዲህ እንዳልል የሚከለክለኝ ከሆሳዕና ብዙ በማይርቀው፣ ከሐምበሪቾ ተራራ ግርጌ ባለው በከምባታ ምድር የተፈጸመው ነገር ነው።

በከምባታ የሴት ልጅ ግርዛት ስንት ትውልድ ያስቆጠረ፣ ያልተገረዘች ሴት ባል አታገኝም የተባለበት ልማድ ነበር። በዛቶ መንደር የተወለደችው ቦጋለች ገብሬ ራሷ በልጅነቷ የተገረዘች፣ በኋላም በኢየሩሳሌምና በአሜሪካ የተማረች ሴት ነበረች። በ1997 ከእህቷ ከፍቅርተ ጋር «ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ» የሚባለውን የሴቶች ማኅበር መሠረተች። ወደ አገሯ ስትመለስ ግርዛት ይቅር ብላ ስብከት አልጀመረችም። ሕዝቡን ምን ይቸግራችኋል ብላ ስትጠይቅ፣ ልጆቻችን ወደ ትምህርት ቤት፣ እኛም ወደ ገበያ የምንሻገርበት ድልድይ የለንም አሏት። ድልድዩን ከእነርሱው ጋር ሆና አሠራች። ከዚያ በኋላ ነው የማኅበረሰብ ውይይት የተባለው የተከፈተው፤ ሽማግሌው፣ ወጣቱ፣ እናቲቱ፣ ገራዧም ሳትቀር በክብ ተቀምጠው፣ ወራት በፈጀ ንግግር።

በዚያ ክብ ውስጥ የተገለጠው ነገር ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ነው። ብዙ እናቶች የሚያስገርዙት ልማዱን ወደውት አልነበረም፤ ጎረቤቴ ይወደዋል ብለው ስላመኑ ነው። ጎረቤትየዋም እንዲሁ ነበረች። እያንዳንዷ የብቻዋን ጥርጣሬ በልቧ ይዛ፣ የሌላይቱን ዝምታ እንደ ስምምነት ቆጥራ ትኖር ነበር። ዝምታው ሲሰበር ከልማዱ በታች የነበረው ምሰሶ ግማሹ ባዶ ሆኖ ተገኘ።

መስበሩ ብቻ ግን አልበቃም፤ መታየት ነበረበት። በ2000ዎቹ መጀመሪያ አንዲት ያልተገረዘች ልጅና እጮኛዋ ይህንኑ በግልጽ ተናግረው በአደባባይ ተጋቡ። ሙሽራይቱ «አልተገረዝኩም» የሚል ጽሑፍ በደረቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ሙሽራውም ያልተገረዘችውን በማግባቱ ደስ እንደሚለው የሚናገር ጽሑፍ ይዞ፣ ከ300 በላይ ያልተገረዙ ልጃገረዶች አጅበዋቸው። ከመድረክ ሰው ዓይን ሳየው ይህ በአገራችን ከተሠሩት ትርኢቶች ሁሉ ብርቱው ነው፤ ተዋንያኑ ነገ በዚያው መንደር የሚኖሩ ነበሩና። ከዚያ በፊት «ባል አታገኝም» የሚለው ቃል የማይናድ እውነት ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን ሐሰትነቱ በዓይን የታየ ቃል ሆነ። በዞኑ ቀድሞ ሁሉም ማለት ይቻላል ይደግፈው የነበረውን ልማድ በ2008 የሚደግፈው ሰው ከ100 ከ5 በታች መውረዱን ዩኒሴፍ ያስጠናው ጥናት አሳይቷል። የወንጀል ሕጉ በ2004 ተሻሽሎ ግርዛትን በቅጣት መከልከሉ ረድቷል፤ ያው ሕግ በጸናባቸው ሌሎች የአገራችን ክፍሎች ግን ልማዱ በጓዳ ቀጥሏል። ቦጋለች በኅዳር 2019 ዐርፋለች።

የቻይና ሴቶች እግራቸው እንዳያድግ በጨርቅ የሚታሰርበት የብዙ መቶ ዓመታት ልማድም እንዲሁ ነው የወደቀው። በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ወላጆች ማኅበር እየገቡ «የሴት ልጄን እግር አላስርም፤ ወንድ ልጄም እግሯ የታሰረች አያገባም» ብለው በአንድነት ቃል ተጋቡ፤ ልማዱ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ከሰመ። የፖለቲካ ሳይንስ ሊቁ ጄሪ ማኪ በ1996 ባሳተመው ጥናት የእግር ማሰሩንና የግርዛትን ነገር ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ብቻውን የሚተው ሰው እንደሚጎዳ፣ አብረው ሲተዉ ግን ማንም እንደማይጎዳ አስረድቷል።

ወደ ጊደሯ እንመለስ። አካባቢ የምንለው ነገር እንደ ዝናብ ከሰማይ የሚወርድ አይደለም። የሆሳዕናው ልጅ አካባቢ ማን ነው ቢባል፣ የፊት ወንበር የሚለቅለት ጎረቤት፣ የመዋጮ ስም የሚያነብበው ሰው፣ በሠርግ ላይ ከየት መጣ ሳይሆን ስንት አመጣ ብሎ የሚጠይቀው ዘመድ፣ በተውኔቱ ላይ ለጃኬቱ ያጨበጨበው አዳራሽ፣ ለጃኬቱም የትዕይንቱን ምርጥ ልብስ የመረጠው የአልባሳት ክፍል ነው። እያንዳንዱ ሰው ተማሪ ሲሆን ለሌላው ደግሞ ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ ለልጁ ኃላፊነቱን ስንከፍልለት ከእርሱ ላይ ቀንሰን ወደ ማንም ወዳልሆነ «ሁኔታ» አንወረውረውም፤ ወደ ራሳችን እናካፍለዋለን እንጂ። በዱራሜ የሆነው ይኸው ነው፤ ገራዧም፣ እናቲቱም፣ አማቲቱም እያንዳንዳቸው የሌላይቱ አካባቢ መሆናቸውን በክቡ ውስጥ አዩ። ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ፣ ደራሲው ማን ነው የሚለው ክርክር ዛሬም ባይዘጋም፣ ሰው ከአባቶቹ የሰማውን ሳይመረምር እውነት ብሎ መያዙን አጥብቆ ይወቅሳል። ወቀሳው ትክክል ነው። ነገር ግን ዋሻ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ መመርመር ለፈላስፋ የተሰጠ ዕድል ነው፤ ገበያ የሚውለው ሰው የሚመረምረው ከሰው ጋር ነው።

የስደቱ ነገር ከግርዛቱ ጋር አንድ አለመሆኑን እገነዘባለሁ። ግርዛት ጥቅም የለውም፤ ስደት ግን ለብዙ ቤት እንጀራ ሆኗል፤ ልጅ አስተምሯል፤ አባት አሳክሟል። አትሂዱ ብሎ ለመማማል የሚሰበሰብ መንደርም ቢኖር፣ ያንን መሐላ የሚያጸና መሬትና ሥራ ማን ይሰጠዋል? በ2020 የወጣው ሰው የማዘዋወር ወንጀልን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1178 ደላላውን ያስራል፤ ደላላው ግን ብዙ ጊዜ የአክስት ልጅ ነው። ከዱራሜ የሚወሰደው ትምህርት እንግዲህ መሐላው ሳይሆን ክቡ ሳይሆን አይቀርም፤ ባዶ እጁን የተመለሰው ልጅ ቀን ወጥቶ፣ መሬቱን የሸጠው አባት አጠገቡ ተቀምጦ፣ የደረሰበትን እየተናገረ፣ ማንም ሳይስቅበት።

በሆሳዕና ዳር ካሉት ከእነዚያ ረጃጅም ቤቶች አንዳንዶቹ አልቀው ሰው አልገባባቸውም። መስኮቱ ተዘግቷል፤ ባለቤቱ እዚያው ሎኬሽን ውስጥ ሱቁን ይጠብቃል። በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ጠዋት ጠዋት ደብተራቸውን የያዙ ተማሪዎች በአጠገቡ ሲያልፉ ቀና ብለው ፎቁን ያያሉ። ዘበኛውን የሚጠይቀው ግን የለም።